ለወንድሜ የፈጠርኩት ታክስ

ወንድሜን የዋሸሁት አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ እኔ ቤት ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሳለ ነው። ውሸቱ አጭር ነበር። ገንዘብ በእጅህ ከሰጠሁህ ታክስ ያስከፍሉኛል አልኩት፤ እሱም ብርጭቆውን አስቀምጦ አመነኝ። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን በግልጽ «አላምንህም» ብዬው ቢሆን ይሻል ነበር። ይቆጣ ነበር፣ ሁለት ሦስት ወር ያኮርፍ ነበር፣ ከዚያ የፈለገውን ተናግሮኝ ይወጣለት ነበር። ከእህቱ ጋር ሰው ይጣላል። ከታክስ ጋር ምን ብሎ ይጣላል?

ሀርጌሳ ከገባሁ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከድሬዳዋ የመጣሁት አንድ የዕርዳታ ድርጅት ለፋይናንስ ክፍሉ ሰው ሲፈልግ ነበር። 26 ጁን በሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። ያሳደግኩት ልጅ አለ ከተባለ ይኸው ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ወስጄ ያስመዘገብኩት፣ ሲታመም ያስታመምኩት፣ ሲያጠፋም የገረፍኩት እኔ ነኝ።

እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ሚስቱንና ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ ተከተለኝ። ቢሮ አስቀጥረዋለሁ ብዬ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ፣ እንግሊዝኛም ለማይችል ሰው የሚሆን ቦታ ግን አልተገኘም። ከከተማው ወጣ ብሎ አያሃ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ተከራየ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ከሚፈለግበት ቦታ ቆሞ የቀን ሥራ ይጠብቃል፤ ያገኘ ዕለት ድንጋይ ይጭናል፣ ሲሚንቶ ያቦካል። ሚስቱ ሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥብ ነበር። የጅግጅጋ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት። እኔን እንደ አማቷ ታከብረኝ ነበር።

እንዳላምነው ያደረገኝ ነገር አለ። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ስታረግዝ ደም ግፊት ስላለባት ሆስፒታል መውለድ አለባት ተባለ። እኔም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ቆጥሬ በእጁ ሰጠሁት። በዚያው ሳምንት አብሮት የሚሠራ ሰው ከፎቅ ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ወንድሜ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው። ገንዘቡን አውጥቶ ለዚያ ሰው ሕክምና ሰጠ፤ ሚስቱ ሳትወልድ ይመልስልኛል ብሎ። ሰውየውን ዘመዶቹ ወደ አገሩ ወሰዱት፤ ገንዘቡም አብሮ ሄደ። ሚስቱ ቤት ውስጥ ወለደች። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሆስፒታል ብትወልድ ልጁ ይተርፍ ነበር ማለት አይቻልም። ማንም እንደዚያ አላለም፤ እኔም አላልኩም። ከቀብሩ ሲመለሱ ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ የምናገረውን ጠበቀ። እኔ ግን ስለ ሐዘኑ ድንኳን ኪራይ ጠየቅኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሕፃኑ ተነጋግረን አናውቅም።

ያን ጊዜ የቢሮአችን ዳይሬክተር አሜሪካዊ ነበር። ዕድሜው የገፋ፣ ጨዋ፣ ወረቀት የሚወድ ሰው። የእህቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበርና በየመንፈቀ ዓመቱ ክፍያውን የሚልከው እሱ ነው። የባንክ ወረቀቱን ስካን እንዳደርግለት ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ገንዘቡን ለምን ለልጁ እንደማይልክለት ጠየቅኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና አስረዳኝ። በእነሱ አገር ለአንድ ሰው በዓመት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ ስጦታ የሰጠ ሰው ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። የትምህርት ክፍያን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው፣ የሕክምናን በቀጥታ ለሆስፒታሉ የከፈለ ሰው ግን ስጦታ ሰጠ አይባልም፤ ምንም ያህል ቢከፍል አይቆጠርበትም። ያንኑ ገንዘብ ለልጁ ሰጥቶት ልጁ ራሱ ቢከፍለው ግን ስጦታ ሆኖ ይቆጠራል። ደግሞም የሚታለፈው የትምህርቱ ክፍያ ብቻ ነው አለኝ፤ መጽሐፍ፣ ምግብ፣ የቤት ኪራይ እዚያ ውስጥ አይገቡም።

እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሕጉን ወደድኩት። ማን ለማን እንደከፈለ ይታወቃል፣ ደረሰኝ አለው፣ መሀል ላይ የሰው እጅ የለም። ወደ ቤት ስሄድ ሁሉ እያሰብኩት ነበር። ስለ ወንድሜ እያሰብኩ እንደሆነ ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የወንድሜ ሚስት ታመመች። ስኳር እንዳለባት ለካ አታውቅም ነበር። ጫማዋ የላጠው እግሯ አልድን ብሎ ከርሞ፣ ትኩሳት ሲጥላት ወንድሜ ሆስፒታል ወሰዳት። ቁስሉ ተከፍቶ መጠረግ አለበት፣ ተኝታ መታከም አለባት፣ ከዚያም ኢንሱሊን ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት ተባለ። ወንድሜ ሆስፒታሉ የጻፈለትን ወረቀት ይዞ ያን ዓርብ መጣ። ልጁም አምስተኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ የትምህርት ቤቱም ክፍያ አልተከፈለም። ሁለቱንም አንድ ላይ ነገረኝ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ቶሎ ቶሎ።

ወረቀቱን አነበብኩት። እንደማግዘው ልቤ አላመነታም፤ ገንዘቡም ነበረኝ። እጁን ሳየው ግን ያ ሕፃን ትዝ አለኝ።

«ሁሉንም እከፍላለሁ፤ ለአንተ ግን መስጠት አልችልም። ለቤተሰብ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ላይ ታክስ መጥቷል። ለሆስፒታሉና ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ከከፈልኩ ግን አይነካኝም» አልኩት።

ወንድሜ ታክስ የሚያውቀው ገበያ ውስጥ ደብተር ይዞ የሚዞረውን ሰው ነው። ትንሽ አሰበና ብዙ ነው ወይ የሚያስከፍሉሽ አለኝ። ብዙ ነው፣ ሥራዬንም ሊያሳጣኝ ይችላል አልኩት። ይህን የጨመርኩት ለምን እንደሆነ እንጃ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ሁሉም ነገር በራሱ መጣልኝ።

«አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን ነገርሽኝ። በእኛ የተነሳ እንዳትቸገሪ» አለኝ፤ ሻዩንም ሳይጨርስ ተነሣ።

በማግስቱ ለሆስፒታሉም ለትምህርት ቤቱም በስልኬ ከፈልኩ። የመክፈያው መልዕክት ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ ይህን መካድ አልችልም። በእናቴ ምትክ የቆምኩ፣ ግን እናት በልጇ እንደምትታለል የማልታለል ሴት የሆንኩ መሰለኝ። ሚስቱ ሁለት ሳምንት ተኝታ ወጣች። ከዚያ በኋላም ከሆስፒታሉ የክፍያ መጠየቂያ ኢንቮይስ ሲመጣ እከፍላለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ጊዜ ሲደርስም እከፍላለሁ። ወንድሜ በሳምንት አንዴ ይደውላል። እንዴት ናት ስለው ኢንሻአላህ ትድናለች ይላል። ልጅቷስ ስለው ደህና ናት ይላል። ሌላ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። አለመጠየቁን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት፤ በመጨረሻ ሰው ሆነ አልኩ።

የአያሃ ሰው የታክሱን ታሪክ ከእሱ እንደሰማ ያወቅኩት አንድ ሰርግ ላይ ነው። ጎረቤቱ የሆነች የሐረር ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ምግብ ስንበላ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ በሐዘኔታ እጄን ይዛ እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው አለችኝ፤ እህት ወንድሟን እንዳትረዳ። ወንድሜ ለሰፈሩ ሁሉ ሲነግር የኖረው ይህንን ነው። ለምን የምትሠራ እህትህን አትጠይቅም ሲሉት፣ እሷማ መስጠት ትወዳለች፣ ታክሱ ነው የያዛት እያለ ይሟገትልኝ ነበር። አዎ፣ ከባድ ሕግ ነው አልኳት።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የልጅቷን የውጤት ካርድ ፈለግኩ። ቢሮ ውስጥ የለመድኩት ነገር ነው፤ የተከፈለበት ነገር መሠራቱን ሳላይ ፋይል አልዘጋም። ወንድሜን ብጠይቀው አመጣለሁ አመጣለሁ ብሎ ቀረ። አንድ ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ራሴ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ግቢው በእረፍት ላይ ባሉ ልጆች ተሞልቶ ነበር። የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ የልጅቷን ካርድ ስጠይቃት መዝገቡን ገለጠች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከመጣች ቆይቷል፤ ከሁለተኛው ወር በኋላ አልተማረችም አለችኝ።

እኔ እኮ እየከፈልኩ ነው አልኳት።

«ክፍያው ስለሚገባ ነው ስሟን ያልሰረዝነው» አለችኝ። በቅንነት ነው የተናገረችው፤ ውለታ የዋለችልኝ ያህል።

ከዚያ የወጣሁት በንዴት ነው። ወንድሜ ልጁን ሰው ቤት አስቀጥሯታል ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላ ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም። ታክሲ ይዤ አያሃ እስክደርስ የምናገረውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሕፃኑን ጭምር።

ቤቱ በር ላይ ልጅቷን አገኘኋት። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቁመቷ ጨምሯል። በፕላስቲክ የታሰረ በረዶ ደረቷ ላይ ታቅፋ ልብሷ ረጥቧል። አክስቴ ብላ ጉንጬን ሳመችና ቶሎ ወደ ውስጥ ገባች፤ በረዶው እንዳይቀልጥባት። ተከትያት ገባሁ። በረዶውን ሰባብራ ፔርሙዝ ውስጥ ጨመረችና በላዩ የእናቷን ኢንሱሊን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች። ፍሪጅ የላቸውም። በዚያ ቆርቆሮ ሥር በረዶው ግማሽ ቀን አይቆይምና ጠዋትና ከሰዓት እየሄደች ትገዛለች።

ሚስቱ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ነበር፤ እግሯ በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተሰቅሏል። ሽታው ከበሩ ጀምሮ ይሸታል። ልትነሣ ስትሞክር ከለከልኳት። ለንዴቴ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ልጅቷ ለምን ትምህርት ቤት አትሄድም አልኩ።

ሚስቱ ልጅቷን ውጪ ላከቻትና ቀስ እያለች ነገረችኝ። ሆስፒታሉ ቁስሉ በየሁለት ቀኑ እንዲታጠብ አዝዞ ነበር። ከአያሃ ሆስፒታሉ ድረስ መሄጃ ሁለት ባስ፣ መመለሻ ሁለት ባስ ነው። ብቻዋን መውረድ ስለማትችል አንድ ሰው አብሯት መሄድ አለበት። ፋሻውና መድኃኒቱ መስኮት ላይ በእጅ የሚከፈል ነው እንጂ ኢንቮይስ የሚወጣለት አይደለም። ኢንሱሊኑም ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ ውስጥ ስለማይገኝ ውጪ ፋርማሲ ይገዛል። እሷ ልብስ ማጠብ አቁማለች። ወንድሜ ሥራ የሚያገኘው በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ነው። መጀመሪያ የልጅቷን የባስ ገንዘብ ለእናቷ አደረጉት። ልጅቷ ትንሽ ጊዜ በእግሯ ትምህርት ቤት ሄደች። በኋላ አባትየው ሥራ ውሎ እናቷን የሚወስድ፣ በረዶ የሚገዛ ሰው ሲጠፋ ቀረች። ቀጥሎ በየሁለት ቀኑ የነበረው በሳምንት አንዴ ሆነ። ከዚያ ገንዘብ ሲገኝ ብቻ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳት።

«ወንድምዎ ከለከለን። ለባስ ብላ በእጅ ብትሰጠን ከሥራዋ ያባርሯታል አለን። እኛስ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር እንጠይቅዎት?»

ፋሻው ላይ ያረፈ ዝንብ ነበር፤ እሱን አባረርኩ። ከከተማ እስከዚያ ድረስ በልቤ ይዤው የመጣሁት ንግግር ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

ወንድሜ ሲሚንቶ እንደለበሰ መጣ። እኔን ሲያይ ደነገጠ። የትምህርት ቤቱን ነገር እንደሰማሁ ገብቶት፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ ልጅቷን በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያስገባት ነግሮኝ፣ ገንዘቤን ስላቃጠለብኝ ይቅር እንድለው ለመነኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ያለኝን ሁሉ አወጣሁና ዘረጋሁለት። እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«አይሆንም፤ ሰው ቢያይሽስ?»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። ሚስቱም፣ ተመልሳ የገባችው ልጁም እዚያው ነበሩ፤ ማንም አልተቆጣኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ለዘንድሮ ተፈቅዶልኛል፣ የተወሰነ መጠን ድረስ አይከለክሉም አልኩት። ያኔ ተቀበለኝ፤ እንዲያውም ተደሰተ። አላህ ይስጣቸው ብሎ እነዚያን የሌሉ ሰዎች መረቀ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ እግሩን አይቶ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠች ጠየቀ። ወንድሜ እየቆጠረ ሲነግረው እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። በጊዜ ቢታጠብ ኖሮ ጣት ወይ ሁለት ጣት ብቻ ይሄድ ነበር ብሎ ሐኪሙ ነገረኝ። የነገረኝ በእንግሊዝኛ ስለነበር ወንድሜ አልሰማም። እኔም አልተረጎምኩለትም። ለቀዶ ሕክምናው የከፈልኩት እንደ ቀድሞው ለሆስፒታሉ በቀጥታ ነው።

በዚያው ሰሞን ዳይሬክተሩ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ይሄድ ነበር። ፋይናንስ ነክ ወረቀቶች ስለሚፈርም እስከ አየር ማረፊያ አብሬው ሄድኩ። መኪና ውስጥ ፈርሞ ሲጨርስ ስለ እህቱ ልጅ ጠየቅኩት፤ ተመርቋል አለ። እኔም አንዲት የማውቃት ሴት ብዬ ስለ አንድ ቤተሰብ ነገርኩት። ለሆስፒታሉ ብቻ፣ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ስትከፍል የሆነውን። የሕጉን ነገር ከእሱ እንደሰማሁት አልሸሸግኩም።

ግንባሩን ቋጠረ። ሕጉ እኮ በእጅ መስጠትን አይከለክልም አለኝ። ከመጠኑ ካለፈ ቅጽ ሞልቶ ማሳወቅ ነው፤ አብዛኛው ሰው ቅጹን ይሞላል እንጂ የሚከፍለው ነገር የለም። እሱ ራሱ ለእህቱ ልጅ የትምህርቱን ለዩኒቨርሲቲው ይክፈል እንጂ ለምግቡ፣ ለመጽሐፉ፣ ለትራንስፖርቱ በየወሩ በስሙ ይልክለት ነበር።

«ያለዚያማ ልጁ እንዴት ክፍል ይደርሳል?» አለኝ።

ሻንጣውን አውርደንለት ጨብጦኝ ገባ። ስለዚያች ሴት አልጠየቀኝም። ማን እንደሆነች የገባው ይመስለኛል።

እውነቱን ለወንድሜ ለመናገር ቀን ስቆርጥ ሁለት ወር ሄደ። መጀመሪያ ሚስቱ ከሆስፒታል ትውጣ አልኩ። ከዚያ ክራንቿን ትልመድ አልኩ። በእነዚያ ወራት ያለ ደረሰኝ ብዙ ገንዘብ ሰጠሁት፤ ፍሪጅም ገዛሁላቸው። የሰጠሁት ሁሉ ግን እሱን የበለጠ እያሳሰበው ነበር። ለዘንድሮ ከተፈቀደልሽ እንዳታልፊ እያለ ይጠይቀኛል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል፤ በእጁ የሆስፒታል ወረቀቶች ያሉበት ፌስታል ይዟል። ግባ ስለው እዚሁ ይሻላል አለ። ከጠዋት ጀምሮ ግብር ቢሮ ነበርኩ አለኝ።

የሄደው ስለ እኔ ሊለምን ነው። ሶማልኛዋ ከእሱ የተሻለ ስለሆነ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይዟታል። የሚስቱን ወረቀት አሳይቶ፣ እህቴ በእኛ ምክንያት ታክስ እንዳይጫንባት፣ እግሯ የተቆረጠ ሰው መርዳቷን አይታችሁ አስተያየት አድርጉላት ሊል ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ትቶ ተራ ጠበቀ። የተቀበለው ሰው አልገባውም፤ ሌላ ሰው ጠራ። ሁለተኛው ደጋግሞ ጠይቆ ከተረዳ በኋላ፣ ከደመወዟ የሚቆረጠውን ቀጣሪዋ ይቆርጣል፣ ከዚያ ወዲያ ለወንድሟ የምትሰጠውን የሚጠይቃት የለም አለው። ወንድሜ ግን ተከራከረ። በደንብ እዩልኝ፣ አዲስ የወጣ ነው አላቸው። ሰውየው በመጨረሻ ለልጅቷ በሶማልኛ አንድ ነገር ነገራት። ልጅቷ ለአባቷ መተርጎም አልፈለገችም። ደጅ ከወጡ በኋላ ነው የነገረችው፤ አክስትሽ አባትሽን አታላዋለች ነው ያላት።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁን አላነሳም።

«የሕፃኑ ነገር ነው?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

ከሕፃኑ ሞት ወዲህ ራሱንም እንደማያምን፣ ብነግረው ይገባው እንደነበር ነገረኝ። ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እኔን አታምኚኝ። ገንዘቡን ግን ለእሷ ብትሰጫትስ? እሷ ምን አደረገችሽ?»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ወር፣ ያን ሁሉ ክፍያ ስከፍል፣ ሁለት እጅ ያላት፣ ቆጥባ የምታድር፣ አንድም ቀን ያላታለለችኝ ሴት እዚያ ቤት ውስጥ እንዳለች አንድ ጊዜም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ይቅር በለኝ አልኩት። አላህ ይቅር ይበልሽ ብሎ ሄደ። ባስ እስኪመጣ መንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወደ እኔ አልዞረም።

ከረመዳን በፊት ጓዛቸውን ጠቅልለው ጅግጅጋ፣ የሚስቱ ወላጆች ዘንድ ሄዱ። ፍሪጁን ለጎረቤት ትተው እንደሄዱ ከሰው ሰማሁ። ልጅቷ እዚያ ትምህርት ጀምራለች፤ ያቋረጠችውን አምስተኛ ክፍል እንደገና ተቀምጣ፣ በዕድሜም በቁመትም ከሚያንሷት ልጆች ጋር። ገንዘብ የምልከው በሚስቱ ስም ነው። ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልን ብላ ትልክልኛለች፤ ምን እንዳደረገችበት አልጠይቃትም።

ወንድሜ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለኢድና ለአረፋ ይደውላል። ባለፈው ኢድ ሲደውል እንደምን አሉ፣ ጤናዎ እንዴት ነው አለኝ። ያሳደግኩት ልጅ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም። መጀመሪያ መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ አዳመጥኩ። አሁንም እርስዎ አለኝ፤ በጥሩ ድምፅ፣ እንደ ጨዋ ሰው። አንቺ በለኝ እንጂ ልለው ነበር፤ ተውኩት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘይት ዋጋ ተነጋገርን። ከዚያ ልጅቷ ሰላም ልትልዎት ነው ብሎ ስልኩን ሰጣት። ልጅቷም ሰላም አለችኝና እንደ አባቷ እርስዎ እያለች ስለ ትምህርቷ ጥቂት ነገረችኝ። በሒሳብ ጎበዝ ሆናለች። እንደ እኔ ሂሳብ ሠራተኛ መሆን ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። አይ፣ አልፈልግም አለች።